ካንስል የተደረገው ደብዳቤ

መምህር ገብረዋሕድ ወሎ ሰፈር በሚያስተምሩበት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተዘርረው፣ ማጅራታቸው ተመትቶ ሞተው ተገኙ።

ዋና ሳጅን አብዱልሐሚድ ጎንበስ ብሎ አያቸውና «ደረጃ የሚወርድ ሰው በግንባሩ ነው የሚደፋው። እኚህን ሰው ፊት ለፊታቸው የቆመ ሰው ገፍቷቸዋል» አለ።

ላይ ወጣ። ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፏል፦ ካንስል፣ መሰረዝ። ከሥሩ አመጣጡ አለ። ሳጅኑ በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። የጥንት ጸሐፊዎች ሲሰርዙ መስመር በመስመር ላይ ያጣልፉ ስለነበር ቃሉ ፍርግርግ ከሚለው የላቲን ቃል መጣ፤ «የሾላ ዶሮዎች የሚታጎሩበትን ሽቦ አስቡ» ይላል። ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ከሟች ኪስ ለትምህርት ቤቱ ባለቤት የጻፉት ደብዳቤ ወጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሀጀር በረዳት መምህር ይትባረክ ቦታ እንድትተካ ይጠይቃል። በቀይ እስክሪብቶ ፍርግርግ ተደርጎ ተሰርዟል።

ስልኩ ጮኸ። ትናንት ከኮሌጅ የወጣው ኮማንደር ነው፤ የደብዳቤው ወሬ ደርሶታል።

«ልጅቷ ናታ! ሹመቷን ሲሰርዝባት ገፈተረችው። አስገባትና ዝጋው።»

አብዱልሐሚድ ጥርሱን ነከሰ። ወያላ ሆኖ ያደገ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ፈተና ማዕረግ ተነፍጎ፣ ያሰለጠናቸው ልጆች እየዘለሉት አልፈዋል።

ሀጀር መወልወያዋን ታቅፋ ቆማለች።

«እንግሊዝኛ ማን አስተማረሽ?»

«በር ላይ ስወለውል እየሰማሁ ነው፣ ጋሼ።»

«ዛሬ መምህሩን አግኝተሻቸዋል?»

«ጠዋት እናትሽ ምን ትሠራለች አሉኝ። ሾላ ገበያ ዶሮ ትሸጣለች አልኳቸው። ሳቁና ‹ዶሮዋን ዛሬ ሰሌዳ ላይ አወጣታለሁ› አሉ። ከዚያ ጓሮ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ፤ ያየኝ ሰው የለም። አሁን ለእናቴ ታሰረች ሊሏት ነው?»

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ መብራት ሟች ያረሙትን የተማሪዎች ደብተር አወጡለት። «ጉልበቴን ስለሚያመኝ ላይ አልወጣም። ግን የእሳቸውን እጅ አውቃለሁ። ሲሰርዙ አንድ መስመር፣ ከጎኑ ፊርማ። ‹ስህተት ይነበብ እንጂ አይቀበር› ይሉ ነበር።»

ይትባረክ ከሁሉም በኋላ ደረሰ። «ከየካ አባዶ የታክሲ ሰልፍ ገደለኝ። ላይ አልወጣሁም» አለና ሳጅኑን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «እንግሊዝኛ የሚያነብልዎ ካስፈለገ አለሁ።»

«አስፈልጎኛል» አለ አብዱልሐሚድ።

ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰባቸው።

«ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ካንስል የወታደር ቃል ነው አሉኝ፤ በጎራዴ መቁረጥ ማለት ነው?»

ይትባረክ ከት ብሎ ሳቀ። «አይ ሳጅን! የምን ጎራዴ? ከላቲን ነው፤ ፍርግርግ ማለት ነው። ልጅ እንዲገባዎ… የሾላ ዶሮዎች የሚታጎሩበት ሽቦ!»

ሀጀር አፏን ያዘች።

«ገባኝ» አለ ሳጅኑ። «አሁን እኔ ላስተምርህ። መምህሩ ቢሰርዙት አንድ መስመር ያሰምሩና ይፈርሙ ነበር። ይህ ፍርግርግ ነው፤ ፊርማም የለውም። ስለዚህ እሳቸው አልሰረዙትም። ሀጀርስ የገዛ እንጀራዋን ለምን ትሰርዛለች? የሰረዘው ደብዳቤው የሚያፈናቅለው ሰው ነው፤ በእሷ እንዲላከክም ኪሳቸው መለሰው። መምህሩ እንዲህ ይሰርዛሉ ብለህ ያመንከው ሰሌዳውን አንብበህ ነው።»

«ድሮ ነግረውኛል!» ይትባረክ ተነሳ።

«ዶሮዋን ዛሬ ጠዋት ከዚህች ልጅ ነው የሰሟት። ጽፈዋት ከሞቱ በኋላ ክፍሉን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ላይ አልወጣሁም ብለኸኛል።»

ይትባረክ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «የመጥረጊያ ልጅ… በእኔ ቦታ! እንዴት አስችሎኝ…»

«እኔ ሃያ ዓመት ችያለሁ» አለ አብዱልሐሚድ ካቴናውን እያወጣ። «ማንንም ግን ከደረጃ አልወረወርኩም።» ደብዳቤውን ለወይዘሮ መብራት ዘርግቶ አሳያቸው። «ፊርማ የሌለው ስርዝ አይጸናም፣ እትዬ። ከምርመራ መዝገቡ ስመልሰው እጅዎ ላይ አደርሰዋለሁ።»

ወይዘሮ መብራት ሀጀርን አዩና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ስልኩ ጮኸ።

«ልጅቷን አስገባሃት?» አለ ኮማንደሩ።

«ካንስል» አለ ሳጅኑና ዘጋበት።