አሥረኛው ልጅ

«ሁለት የቀረው! ሁለት ልጅ! ሁለት ብቻ!»

ድምፁ የመጣው ከጉሙ ውስጥ ነው። ሊፍቱ ገደሉን ታክኮ ወደ ታች ሲወርድ ለደምሰው ምንም አይታየውም ነበር፤ ከእግሩ ሥር ጉም፣ ከራሱ በላይም ጉም። አጠራሩን ግን ያውቀዋል። ልጅ ሳለ አያቱ የድሮ የታክሲ ረዳቶችን እያስመሰሉ ያስቁት ነበር። አሁን እስኪሞላ የሚቆም መኪና የለም፤ አንድ ሰው ቢሳፈርም ይሄዳል። ታዲያ እዚህ ታች የሚሞላው ምን ይሆን?

ከተማው የተሠራው ገደል ላይ ነው። ቤቶቹ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ በአሥራ አንድ እርከን ተደርድረዋል። መጨረሻው እርከን ላይ የሚኖሩት መስታወት አጣቢዎች ናቸው፤ ለከተማው መብራት የሚሰጡትን የፀሐይ መስታወቶች ገመድ ላይ ተንጠልጥለው፣ ፀሐይ ገደሉ ውስጥ ሳትገባ ያጥባሉ። አምስት ጠዋት የቀረች አጣቢ ገመዷ ለሌላ ይሰጥባታል።

ደምሰው የወረደው ቀማሚውን ነቅሎ ለመውሰድ ነበር። ቀማሚ ክትባት የሚሠራ ማሽን ነው፤ ቁመቱ የሰው ያህል ሆኖ፣ ፊቱ ለቀረበው ልጅ የምትሆነውን አንዲት ጠብታ እዚያው ቀምሞ አፉ ውስጥ ጠብ ያደርጋል። መርፌም ማቀዝቀዣም አያስፈልገውም። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ «አሥራ አንደኛ እርከን ክትባት እምቢ ብሏል። ማሽኑ ለሚፈልገው ሰፈር ይሰጥ።» ሊፍቱ አራት ሰዓት ላይ ይመለሳል።

ሊፍቱ ቆመ። በቀማሚው ዙሪያ ስምንት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ቆመዋል። የምትጣራው ሰባ ዓመት ያለፋት፣ የአጣቢ ገመድ አሁንም በወገቧ የታጠቀች ሴት ናት።

«ና ልጄ፣ ልጅ አለህ?» አለችው።

«የለኝም፣ እትዬ።»

«ኪሳራ! በዚህ ዕድሜህ አንድ እንኳ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ደምሰውም ሳይወድ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ግን ማሽኑ ተናገረ።

«ስምንት ልጅ ቆጥሬያለሁ። አሥር ሲሞላ እጀምራለሁ። ካልሞላ ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«ይኸው ነው የሱ ነገር» አለች ተዋበች የምትባል አንዲት ወጣት እናት። የአሥራ አንድ ወር ልጇን ኤልዳናን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረቻት። «ዛሬ አራተኛዬ ነው፣ ወንድሜ። አራት ጠዋት ከገመድ ቀርቻለሁ። አምስተኛ ብቀር ገመዱ የኔ አይደለም። አሥረኛ እርከን ደግሞ ኩፍኝ ገብቷል ይላሉ።»

«ገብቷል» አለ ደምሰው። ሲወርድ ጉሙ ለአፍታ ሲሳሳ በመስኮቱ የቀይ ጨርቅ ምልክት ያለባቸው ሁለት በሮች አይቶ ነበር።

የማሽኑን ጀርባ ከፍቶ መዝገቡን ማንበብ ጀመረ። እምቢ ያሉት ልጆች ሠላሳ አራት ናቸው። የሃያ ሁለቱ እናት ደግሞ አንዲት ሴት ናት፤ አስናቁ ትባላለች። የልጆቿም ስም ትኩሴ፣ ስንዴ፣ ደግሞ ትኩሴ፣ ደግሞ ስንዴ እያለ ይቀጥላል።

«አስናቁ ማን ናት?»

ሁሉም ወደ አሮጊቷ ዞሩ። እሷ ወደ ገደሉ ዞረች።

«እትዬ፣ ሃያ ሁለት ልጅ ወልደዋል?»

«በአንድ ዓመት ውስጥ» አለች አንዷ ከኋላ፣ አፏን በእጇ ይዛ።

አስናቁ ፊቷን ከገደሉ መለሰች። «እኔ አልዋሽም» አለች። «ዳቦ ናቸው። እዚህ ሰፈር በአንድ ጠዋት የሚጠባ ልጅ አሥር አይሞላም። አንዷ ስትመጣ አንዷ ገመድ ላይ ናት። ዘጠኝ እየሆንን ተመለስን፣ ሰባት እየሆንን ተመለስን። አንድ ቀን ከምድጃ ያወጣሁትን ዳቦ በፎጣ ጠቅልዬ ታቅፌ ሳልፍ ይኼ ብረት ‹አሥር› ብሎ ጀመረ። ሙቀት ነው የሚቆጥረው ለካ! ስም ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ትኩሴ አልኩት።»

«ተራዋ ሲደርስስ?»

«ትኩሴ አፍ የላት። ይዣት እሄዳለኋ።»

ደምሰው ወደ መዝገቡ ተመለሰ። ማሽኑ ለአንድ ልጅ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው፦ ተከትቧል፣ ወይም እምቢ ብሏል። ተመለሱ ተብለው የተመለሱት አሥራ ሁለት ሕፃናት የገቡት እምቢ ካሉት መሃል ነው፤ ኤልዳና ከዛሬ በፊት ሦስት ጊዜ እምቢ ብላለች።

ወደ ታች ሲያነብ ያቺን አሥር የምትለዋን መስመር አገኛት። ከጥንት የመጣች ናት። ክትባት በብልቃጥ በነበረበት ዘመን አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ይበቃ ነበር፤ ከተከፈተ በኋላ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ አሥር ልጅ ሳይሞላ አይከፈትም ነበር። ብልቃጡ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! መስመሯ ግን ከማሽን ወደ ማሽን እየተገለበጠች እዚህ ደርሳለች። ያየ ሰው የለም። ላይኛው እርከን ላይ ሁልጊዜ አሥር ይሞላል።

መገናኛውን አንስቶ አለቃውን ጠራ።

«አቶ ባህሩ፣ ሰዎቹ እምቢ አላሉም። የሚመልሳቸው ማሽኑ ነው። አንድ ያረጀ ሕግ አለ፤ እሱ ቢጠፋ...»

«ሕግ የሚነካው ኮሚቴው ነው፣ ደምሰው። አንተ ዕቃ ነው የምትጠግነው።»

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«ከሦስት ወር በኋላ። ጻፍና አቅርብ፣ ጥሩ ነገር ነው።»

«ኩፍኙ እኮ አንድ እርከን ነው የቀረው።»

«ለዚህ አይደል እንዴ ማሽኑ ለሚጠቀምበት ሰው ይድረስ የምንለው! ብልሽት ከሌለበት ጭነህ ና። የተበላሸ እንደሆነ ሊፍት ላይ አይጫንም፣ መለዋወጫ እስኪደርሰው ባለበት ይቆያል። ይኼኛው ግን ብልሽት የለበትም።»

መገናኛው ተዘጋ። ሴቶቹ ሁሉንም ሰምተዋል። ተዋበች ኤልዳናን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

«እትዬ አስናቁ» አለ ደምሰው፣ «ለምን ታዲያ ዛሬ ዳቦ አላመጡም?»

«ከወር ወዲህ ዳቦ አይቀበልም። ከላይ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር ላካችሁና እሷን ከሰካንበት ጊዜ ጀምሮ ነቃብን። ተዋበች ናት መመሪያውን አንብባ የሰካችው፤ እኛ ደግሞ አጨበጨብን።»

ደምሰው ፊቱ ጋለ። ቁልፍ የምታክለውን ነገር ያውቃታል። ልብ ሰሚ ትባላለች፤ ከፊቷ የቆመውን ሰው የልብ ምት ስትሰማ ጥክ፣ ጥክ ትላለች። ከማሽኖቹ በመጣው ሰንጠረዥ ላይ እርስ በርሱ የማይገጥም ቁጥር አይቶ፣ ማሽኖቹ በድን ነገር እየቆጠሩ መሆን አለበት ብሎ ሐሳቡን ያቀረበው ራሱ ነው። ለአርባ ማሽኖች አርባ ልብ ሰሚ ተሠራ፤ ትርፍ አልተሠራም። ለዚያ ሥራው አመስግነውታል። ይኸው ሰፈሩ ከወር ወዲህ አንድም ልጅ አላስከተበም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ፀሐይዋ ገደሉ ውስጥ ገብታ መስታወቶቹ አንድ በአንድ መብራት ጀመሩ። ጉሙ ግን ከላይ በኩል አልተነሳም።

ደምሰው ትንሿን መፍቻ አወጣ። ሕጉን አልነካም፤ እሱ ሕግ አይነካም። ልብ ሰሚዋን ፈትቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

«እስቲ ትኩሴን አምጧት» አለ። «እህቷንም።»

አስናቁ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ሰባ ዓመት ያላለፋት ይመስል ወደ ምድጃው ሮጠች። በፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት ዳቦዎች አቅፋ ስትመለስ፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ይወጣ ነበር።

«አሥር ልጅ ቆጥሬያለሁ» አለ ቀማሚው። «እጀምራለሁ።»

ኤልዳና አፏን አልከፍትም አለች። ተዋበች አገጯን ኮረኮረቻት፤ ልጅቱ ልትስቅ ስትል ጠብታዋ ገባች። ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ እንደገና ስጡኝ ለማለት ይመስል ምላሷን አወጣች። ስምንቱም ተከተቡ። ትኩሴና ስንዴ እምቢ አሉ።

«ሞላ! ሳብ!» አለች አስናቁ፣ የማሽኑን ጎን ሁለቴ በመዳፏ መትታ።

ሊፍቱ ሲወርድ ተሰማ። ደምሰው ከቦርሳው ቀይ ወረቀት አውጥቶ ቀማሚው ግንባር ላይ ለጠፈ፤ ብልሹ፣ መለዋወጫ ይጠብቃል፣ ይላል ጽሑፉ።

«እንዴ!» አለች ተዋበች። «አሁን ሲሠራ አይተን! ምኑ ነው የተበላሸው?»

ደምሰው ደረት ኪሱን በመዳፉ ነካ አድርጎ ቦርሳውን ዘጋ።

«ወንድሜ፣ አንተን እኮ ነው። ትወስደዋለህ ወይስ ትተወዋለህ?»

ሊፍቱ ውስጥ ብቻውን ገባ። አስናቁ ዳቦዋን እንዳቀፈች እስከ በሩ ተከተለችው። አንዱን ዳቦ ከነፎጣው እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እንደ ሕፃን አቀፈው። በሩ ተዘጋና ሊፍቱ ወደ ጉሙ ወጣ።

ሴቶቹ ቀና ብለው ቆዩ። ሊፍቱ ከዓይናቸው ከጠፋም በኋላ፣ ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ጥክ፣ ጥክ ሲል ለጥቂት ጊዜ ይሰማቸው ነበር።