ሰያፍ የተቆረጠ ስንጥር

በወረቀት ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደ ምላጯ እንጨት አሳስቶ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ስንጥሩን በቃጫው ርዝመት፣ ከፀጉር ጥቂት ወፈር አድርጋ ትቆርጠዋለች። «ምላጯ» የሚሏት እጇም ምላሷም ስለታም ስለሆኑ ነው።

የቤተ ሙከራው ተመራማሪ ስንጥሩን በሙቅ ኬሚካል ይነክረዋል፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በትንንሽ መቆንጠጫ ይዞ ማይክሮስኮፕ ሥር ይስበዋል። እንጨት ለወረቀት ሲቀቀል ቃጫዎቹ መቼ እንደሚላቀቁ፣ መቼ እንደሚበጠሱ ማወቅ ይፈልጋል። አዲስ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነበር።

«ነይ እስቲ፣ የእጅሽን ሥራ እዪው!»

ጎንበስ ስትል ትከሻቸው ይነካካል። ከዚያ ያለፈ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ከዚያ አንዲት ኢንጂነር መጣች። ረጅም፣ ሳቂታ። ሙከራውን እንድትመራ ተሰጣት። ክፍሉ መጨለም ስላለበት በሩ ይዘጋል፤ ከውስጥ የእሷና የተመራማሪው ሳቅ ይሰማል። «ነይ እስቲ» ማለትም ቀረ።

«ምን ሆነሻል ልጄ? ፊትሽ ጠቁሯል» አለቻት እናቷ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ።»

«ሥራ እንዲህ አያጠቁርም።»

በማግስቱ ምላጯ የኢንጂነሯን ስንጥሮች በሙሉ በትንሹ ሰያፍ አድርጋ፣ ቃጫውን አቋርጣ ቆረጠቻቸው። ካልጠረጠሩ በስተቀር በማይክሮስኮፕም አይለይም። ስንጥሮቹ ገና ሲሳቡ ይበጠሱ ጀመር። ሳምንት ሙሉ እንደዚያው ሆነ። የቤተ ሙከራው ኃላፊም ኢንጂነሯን ከሙከራው ሊያስወጣት ወሰነ።

ምላጯ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን እጅ መታጠቢያው ጋ ኢንጂነሯን ዓይኗ ቀልቶ አገኘቻት።

«እህቴ፣ አንቺ እንጨት ታውቂያለሽ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

አላስቻላትም። «አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ፤ ሰያፍ የቆረጥኩት።»

ኢንጂነሯ ቧንቧውን ዘጋች። «ምን በደልኩሽ?»

ምላጯ በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገብታ ያንኑ ደገመች። ኢንጂነሯ ወደ ሙከራዋ ተመለሰች፤ ምላጯ ግንድ ከሚልጡት ጋር ተመደበች።

ሦስት ቀን ተመራማሪው ድምፁ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ልጣጭ ክምሩ መሀል ቆመ።

«ተናድጄብሻለሁ።»

«ልክ ነህ።»

«የሳምንት ሥራ! እኔን ብትሰድቢኝ ምን ነበረበት?»

«ምን ብዬ ልስደብህ? ምኔ ነህ?»

እጇ ላይ የተጣበቀውን ልጣጭ አየ እንጂ ዓይኗን ማየት አልደፈረም።

«እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ምንሽ ልሁን?»

«መጀመሪያ፣ ከእሷ ጋር ምን ነበር የሚያስቃችሁ?»

«እኔ ስላንቺ ሳወራ ነዋ! "ለእኔ ከምትለፈልፍ ለምን ለእሷ አትነግራትም?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እሷ ፊት ልጠራሽ አፈርኩ።»

ምላጯ ፊቷን አዙራ ልጣጩን ከእጇ ላይ አንድ በአንድ አራገፈች።

«እሁድ እናቴ ጋ ና» አለችው በመጨረሻ። «ግን ብቻህን። ያቺን ሳቂታ አስከትለህ እንዳትመጣ።»