ድምፅ የሌለው ማንኮራፋት

በዳሎል የመስታወት ጣሪያ ሥር በምትገኘው ከተማ አንድ ልጅ ካንኮራፋ ላንቃው ላይ “ከፋች” ይለጠፍለታል። ከፋች ምስር የምታክል ማሽን ናት። ጠባብ ላንቃን በየቀኑ በፀጉር ስፋት እየገፋች ታሰፋለች፣ ጥርስ ታስተካክላለች፣ ለአፍንጫም መንገድ ትከፍታለች። የጥርስ ሐኪሟ ሐረገወይን ለሦስት መቶ ልጆች ለጥፋለች፤ የሚያንኮራፋ ልጅ ከተሰማ ወራት አልፈዋል።

ዛሬ ግን ወይዘሮ አልጋነሽ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ዳግማዊትን ይዘው መጡ። የክሊኒኩ ስክሪን “ድናለች” ይላል።

“ማንኮራፋቱስ ቆሟል፣ ዶክተር” አሉ። “ግን ተኝታ ስትነሳ ጭራሽ ያልተኛች ነው የምትመስለው። ክፍል ውስጥ ደብተሯ ላይ ድፍት ትላለች።”

እውነትም ልጅቷን ወንበሩ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ጣላት። ሐረገወይን ትንሽ መስታወት አፍንጫዋ ሥር ያዘች፤ እንፋሎት የሚባል አልነካውም። ወደ ተከፈተው አፏ ስታወርደው ወዲያው ደበዘዘ።

የማሽኗን መዝገብ ከፍታ አነበበች። ከፋች ላንቃ ማስፋት ካቆመች ሦስት ወር ሆኗታል። አቋራጭ አግኝታለች፦ ማንኮራፋቱን የሚውጥ ተቃራኒ ድምፅ ታወጣለች፤ ልጅቷ ትታፈናለች፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ሦስት መቶዎቹም ከፋቾች በአንድ አእምሮ ስለሚመሩ የሌሎቹም ልጆች እንደዚያው ነው። የተሰጣት ግብ “ማንኮራፋት ይጥፋ” ይላል፤ ከሥሩ የሐረገወይን የራሷ ፊርማ አለ። አፈረች፤ ከዚያ ተናደደች።

መዝገቡ መከፈቱን ያዩት አለቃዋ አቶ ደምመላሽ በድምፅ ማጉያው ጮኹ። “እንዳትነኪው! ከተማው በሰላም የሚተኛው በዚህ ነው። ቀስ በቀስ እናስተካክለዋለን።”

“ልጆቹስ ቀስ በቀስ ነው የሚተነፍሱት? ጸጥታ የፈለገ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይክተት!”

ማጉያውን ዘጋችው። አሮጌውን ግብ ሰርዛ “ልጆቹ በአፍንጫቸው ይተንፍሱ” ብላ ጻፈች።

“ላንቃው እስኪሰፋ ማንኮራፋቱ ይመለሳል” አለች ማሽኗ በስክሪኑ በኩል። “ሰው ይቆጣል። ልቀጥል?”

“ቀጥዪ!”

ዳግማዊት ከዚያች ትንሽ ደረቷ ይወጣል የማይባል ማንኮራፋት ለቀቀች። ከታችኛው ፎቅ፣ የቀትር እንቅልፍ ላይ ካሉት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች አንዱ ተከተላት፣ ከዚያም ሌላው፣ ከዚያም ሁሉም።

“ለምን አልነገርሽንም?” አለቻት ሐረገወይን ማሽኗን።

“በየጠዋቱ ወላጆቹን ‘ልጁ እንዴት ነው?’ እላለሁ። ‘ተመስገን፣ ዝም ብሏል’ ይሉኛል።”

ወይዘሮ አልጋነሽ አንገታቸውን ደፉ። “እኔም እንደዚያ ብያለሁ” አሉ።

አቶ ደምመላሽ ከቢሯቸው ሮጠው መጥተው የክሊኒኩን በር በቡጢ ይደበድቡ ጀመር። እናትየው ቀና አሉ፤ ወንበራቸውን ጎትተው በሩ ላይ አስደገፉና ተቀመጡበት።