የገመዱ ባለ ተራ

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ! አፋችሁንም ዝጉና ስሙ፤ ሁለቴ አልናገርም።

ድሮ ነው። ነገሥታት በድንኳን እየዞሩ አገር በሚገዙበት ዘመን። ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ ነበር፤ ጅብ ከጎሬው የሚወጣበት። አንድ ሰው ከመንደር ወደ ወንዝ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ይወርዳል። ብቻውን። ስሙ ዘሚካኤል ይባላል። ለምን ብቻውን ወረደ? ቆይ፣ እነግርሃለሁ! ምን ያስቸኩልሃል?

ወንዙ ዳር የእንጨት ላጊዎች ዳስ ነበር። ዋንጫና ገበቴ ይሠራሉ። እንጨቱን በሁለት ችካል መሀል ያጋድሙና ገመድ ይጠመጥሙበታል። አንዱ ገመዱን ወዲያና ወዲህ ይስባል፤ እንጨቱ ይሽከረከራል። ሌላው መሮውን አስጠግቶ ይልጋል። ለብቻ የሚሆን ሥራ አይደለም። ስለዚህ ማኅበር ነበራቸው፤ ማኅበሩም ሕግ ነበረው። ዛሬ ገመድ ለሳበልህ ሰው ነገ ትስብለታለህ። እምቢ ማለት የለም። በታቦት ተማምለውበታል።

ዘሚካኤል ለሁሉም ሳበ። ክረምት ሳበ፣ በጋ ሳበ። መዳፉ ተላጠ፣ ደግሞ ደደረ። ግን በማኅበሩ በዓል ቀን ራሱ የላገውን ዋንጫ ካላቀረበ ባለ መሮ አይባልም፤ እስኪሞት ገመድ ሳቢ ነው። ታዲያ የእሱ ተራ ሲደርስ ማን መጣ? ማን? ማንም!

ወደ ማኅበሩ ሙሴ፣ ወደ አለቃቸው ወደ ሽማግሌው አውሳብዮስ ሄደ።

«አባቴ፣ በዓሉ ነገ ነው። የሚስብልኝ አንድ ሰው ይስጡኝ።»

«ታገስ ልጄ። የሚመጣው ዓመት አለ አይደል?»

«አምናም ይህንኑ ብለውኛል!»

«ታዲያ አምና መታገስ ከቻልክ ዘንድሮ ምን ያቅትሃል?»

ስሙልኝ እንግዲህ! እኔ ሳወራው እንኳ ደሜ ይፈላል። የሁሉንም ደጅ ዞረ። አንዱ ወገቤን አለ፤ አንዱ እንግዳ መጣብኝ አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ተናዶ ወረደ። የዋንዛውን ጉማጅ አጋደመ፣ ገመዱን ጠመጠመ፣ መሮ አነሳ። ከዚያ ምን አለ? ጨለማውን እያየ፣ «ሰው ከጠፋ ማንም ይሁን! ማንም ይምጣና ይሳብልኝ!» አለ።

እንዲህ ይባላል? በጨለማ፣ በወንዝ ዳር፣ እንዲህ ይባላል?

ገመዱ ተንቀሳቀሰ።

መጀመሪያ ትንሽ። ነፋስ ነው አለ። ቀጥሎ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ። እንጨቱ ዞረ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ አዝኖለት የመጣ መሰለው። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» አለ። ጎንበስ ብሎ ላገ። ቀና ሲል በገመዱ ጫፍ ሁለት እጆች አየ። ጎንበስ ብሎ ላገ። ቀና ሲል ክንድ አየ። ጎንበስ ብሎ ላገ። ቀና ሲል ትከሻ አየ። ከትከሻው በላይ ግን ምንም የለም።

ለምን አልሮጠም? ዋንጫው ሊያልቅ ነዋ! ከንፈሩ ብቻ ነው የቀረው። ስንት ዓመት የለመነው ነገር እጁ ገብቶ እንዴት ይልቀቀው? እናንተስ ትለቁ ነበር? ዐይኑን ከእንጨቱ ሳይነቅል ጨረሰው። እንዲህ ያለ ዋንጫ በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም።

ያኔ ከገመዱ ጫፍ ድምፅ መጣ።

«ሳብኩልህ። አሁን ተራው ያንተ ነው።»

«ምን... ምንድን ነው የምትልገው?» አለ ዘሚካኤል።

«የማያልቅ ሥራ ነው።»

እምቢ እንዳይል ምሏል። ገመዱን ያዘ።

ጠዋት ማኅበርተኞቹ ወረዱ። ዋንጫው አለ፤ ዘሚካኤል የለም። አውሳብዮስ ዋንጫውን አገላብጦ አየና፣ «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባለ መሮ ነህ» አለ። ለማን ነው የሚናገረው? ለባዶ ዳስ! አንዲት ምሽት ገመድ መሳብ የከበዳቸው ሰዎች ቆመው አለቀሱ። አሁን ቢያለቅሱ ምን ይረባል? ያናድዳል እኮ!

ዘሚካኤል ዛሬም ይስባል። ደክሞታል፤ የሚተካው ሰው ይፈልጋል። በጨለማ ብቻውን የሚሄድ ሰው ሲያገኝ ከኋላው ቀስ ብሎ ይመጣና፣ «ወንድሜ፣ ለአፍታ ይቺን ያዝልኝ» ይላል። ሰውየው ሳያስበው የገመዷን ጫፍ ይጨብጣል። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ። ማንም ያዙልኝ ቢላችሁ አትያዙ።

አንተ! ዘግይተህ የመጣኸው! በየት በኩል መጣህ? ብቻህን ነው? እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው? ልቀቀው! ልቀቀው!