ሰባተኛው ገጽ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ኋላ ለመጣውም ቦታ ልቀቁለት። ነገሩ ረጅም አይደለም፤ ግን ጥሞና ይፈልጋል። ከደባርቅ በላይ፣ ጭጋግ ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን በማያይበት አፋፍ ላይ ስለሞተ ሰው ነው።

የሰውየው ስም እንዳለው ነበር። በመስከረም ስለ ተራራ ኑሮ የሚመክር ጉባኤ ሊደረግ፣ ከውጭ አገር ስድሳ እንግዳ ይጠበቅ ነበር። እንግዶቹ ከጎንደር ስንት ሰዓት እንደሚጓዙ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ ውሃው ፈልቶ እንደሚጠጣ፣ ከአገሬው ሰው ጋር እንዴት ሰላም እንደሚባባሉ፣ እንዳለው ሁሉንም በትንሽ መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ አሳተመው። መጽሐፎቹን እንግዶቹ በሚያርፉበት በወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ሎጅ አስቀመጣቸው። ቀድመው የደረሱት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ፕሮፌሰር ኢኔስ፣ ከፔሩ።

ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንዳለው ከሎጁ ጓሮ፣ ከገደሉ ሥር ሞቶ ተገኘ።

ምክትል ኢንስፔክተር ፋንታዬ ከደባርቅ የተነሳችው በመኪና ነበር። መንገድ ላይ ናዳ ጠበቃት፤ መኪናውን ትታ በእግሯ ተሻገረች። ከተሻገረች በኋላም ከጀርባዋ ሌላ ተናደ። ሎጁ ስትገባ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ሆኗል።

«ዶዘር እስኪመጣ መግቢያም መውጫም የለም» አለች። «እኔም እናንተም አብረን ታስረናል።»

ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ሳሎን ውስጥ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ፣ ኢኔስና አስተርጓሚዋ ሊድያ ተቀምጠዋል። አራተኛው ሰው ሾፌሩ ቻላቸው ነው፤ የብርድ ልብስ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል።

«ማን ቆለፈበት?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ ወለተ ሥላሴ። «ማታ ከሟቹ ጋር ሲጣላ ሰምቻለሁ። ሬሳውንም ያገኘው እሱው ነው።»

ፋንታዬ አስቀድማ ወደ ገደሉ ወረደች። እንዳለው በጀርባው ነው የወደቀው፤ ከካፖርቱ ጀርባ ላይ የበሰበሰ እንጨት ስብርባሪ ተጣብቋል። ላይ ተመልሳ ከሎጁ ጓሮ ያለውን የተሰበረ የእንጨት አጥር በአውራ ጣቷ ብትጫነው እንደ እርጥብ ዳቦ ገባላት። ከዚያ ቻላቸው ያለበትን ክፍል አስከፈተች።

«ተጣልታችኋል?»

«ተጣልተናል። ነገ ዳባት ላይ የልጄ ክርስትና ነው፤ ሰማንያ ቀኗ። ልሂድ ስለው ‹እንግዶቹን ማን ሊያመላልስ?› አለኝ። ‹እንግዲያው አንተው ንዳው› አልሁት።»

«መንዳት ይችል ነበር?»

«ብስክሌት እንኳ አይችል።» ሊስቅ ጀምሮ ፊቱ ተለወጠበት። «ኋላ ታርቀናል። ጠዋት በሁለት ሰዓት ወደ ደባርቅ ላወርደው፣ በዚያው ወደ ዳባት ልሄድ ተስማማን። ሲዘገይብኝ ጊዜ ፍለጋ ወጣሁ፤ አጥሩ ተሰብሯል። በፍየል መንገዱ ወርጄ አገኘሁት።»

«እርቃችሁን ማን ሰማ?»

«እሱና እኔ።»

«እሱ አይመሰክርልህም።»

«ዶዘሩ ሲደርስ ወደ እስር ቤት ይወስዱኛል፣ አይደል? ልጄ ያላባቷ ልትጠመቅ ነው።»

ፋንታዬ ተነሥታ ወጣች። ባዶ ተስፋ መስጠት አትወድም ነበር።

እንግዳ መቀበያው ጋ መጽሐፎቹ ተደርድረዋል። አንዱን ገለጠች። ከስድስተኛው ገጽ ቀጥሎ የተቀደደ ወረቀት ጠርዝ ብቻ ቀርቷል። ሌላውንም አየች፤ ያው ነው። ሃምሳ ዘጠኙም ያው ነው።

ወለተ ሥላሴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ጥለቱን ወደ አንገታቸው መልሰው ተቀምጠዋል።

«ሟቹ ለእርስዎ ምንዎ ነበር፣ እትዬ?»

«የጡት ልጄ። በእነዚህ እጆቼ ነው ያሳደግሁት።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጓዳ፣ ድፎ ስጋግር። ቻላቸው እየጮኸ እስኪመጣ ደጅ አልወጣሁም።»

«ዳቦው ደረሰ?»

«አረረ እንጂ» አሉ፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው።

ፕሮፌሰር ኢኔስ መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ትናንት ምሽት እንዳለው ራሱ የሰጣቸው ነው። ሊድያ ንግግራቸውን እየተቀበለች ታስተረጉማለች።

«በጣም አዝኛለሁ ይላሉ። ለቤቱ እመቤት ግን ሀዘናቸውን ጠዋት ነግረዋቸዋል።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት?»

«ቁርስ ሳይደወል ነው። ሙቅ ውሃ ሊጠይቁ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ አገኟቸው። መጽሐፉ እንደሚመክረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ‹እግዚአብሔር ያጽናዎት› አሉ። ቃሏን ሌሊቱን ሲለማመዷት ነበር።»

«እሳቸውስ ምን መለሱ?»

«ምንም። ነጠላቸውን አየት አደረጉና ገልብጠው ለበሱት ይላሉ።»

ፋንታዬ መጽሐፉን ተቀብላ አራተኛውን ገጽ አነበበች። ከዚያ ወደ መጨረሻው ገለጠች። የእሳቸው መጽሐፍ ሰባተኛ ገጽ አለው።

ወደ ማታ ግድም የዶዘር ድምፅ ከታች መሰማት ጀመረ። ፋንታዬ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች፤ ቻላቸውንም ከነሱ መሃል አስቀመጠችው።

«እንዳለው በጀርባው ነው የወደቀው» አለች። «ቁልቁል ሲያይ አዳልጦት ቢሆን ወደፊት ይወድቅ ነበር። አጥሩን ተደግፎ ወድቋል እንዳንል፣ አጥሩ መበስበሱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ጽፎታል፤ ስሙት። ‹በሎጁ ጓሮ ያለው የእንጨት አጥር በስብሷል። እስኪጠገን ድረስ አትደገፉበት፤ በጭጋግ ጊዜም ወደዚያ አትሂዱ።› ሰባተኛው ገጽ ይህ ነው። ፊቱን ወደ ሰው፣ ጀርባውን ወደ አጥሩ አድርጎ ሲነጋገር ተገፍቷል።»

መጽሐፉን አጠፈችና ቀጠለች።

«ይህ ገጽ ከሃምሳ ዘጠኙ መጽሐፍ ተቀድዷል። ለቻላቸው ምን ይጠቅመዋል? የሚጎዳው የዚህን ቤት ባለቤት ነው። የቀረው አንድ ነገር ነው። ቁርስ የሚደወለው በሁለት ሰዓት ነው፤ ሬሳው የተገኘው በሦስት። አራተኛው ገጽ ላይ እንዳለው ለእንግዶቹ ምን ብሏቸዋል? ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ካያችሁ ሀዘን ላይ ናት። ፕሮፌሰሯ ይህን አንብበው፣ ማንም መርዶ ሳይሰማ፣ አንዲት ሴት አጽናኑ። እትዬ፣ ከዛሬ በፊት ለቅሶ የተቀመጡት መቼ ነበር?»

«ሦስት ዓመት ይሆናል» አሉ ወለተ ሥላሴ፤ ካሉ በኋላ ገባቸው።

«ታዲያ በዚያ ሰዓት ለማን አዘቀዘቁ?»

ሴትዮዋ እጆቻቸውን አዩ።

«ያዘቀዘቁት እነዚህ ናቸው» አሉ። «እኔ አላዘዝኋቸውም።»

እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። «ገጹን አውጣው ብዬ ለመንሁት። ሃያ ዓመት ለፍቼ ያቆምሁት ቤት ነው፤ ስድሳ ሰው ሊያነበው። እምቢ ሲለኝ ቀደድሁት። አንዱን አስቀድሞ መስጠቱን አላወቅሁም። ጠዋት ነቃብኝና ‹ይምጡ፣ አጥሩን በዓይንዎ ይዩት› ብሎ ወሰደኝ። ‹ሰው ቢወድቅስ፣ እናቴ?› አለኝ። ደረቱን ገፋ አደረግሁት። ገፋ ብቻ። አጥሩ አልያዘውም።»

«እኔንስ፣ እትዬ?» አለ ቻላቸው በቀስታ። «የእኔ ልጅስ?»

ወለተ ሥላሴ ተነሡ። የቤቱን ቁልፎች፣ እሱን የቆለፉበትንም ጨምረው፣ ከመቀነታቸው ፈተው ፊቱ አስቀመጡለት።

መንገዱ ሲከፈት እዚያ ያለው መኪና የቻላቸው ብቻ ነበር። ስለዚህ እሱው ነዳ። ወለተ ሥላሴ ከኋላ ከፋንታዬ ጎን ተቀመጡ፤ ብርድ ሲያንቀጠቅጣቸው በመስተዋቱ አየ፤ አንድ ብርድ ልብስ ወደ ኋላ አቀበለ። ደባርቅ አድርሷቸው፣ በነጋው ዳባት ላይ ልጁ ስትጠመቅ ቆሞ አየ።

ሊድያና ኢኔስ ደግሞ ያቺን አንድ ገጽ ደባርቅ ወስደው ሃምሳ ዘጠኝ ቅጂ አስነሡ፤ በየመጽሐፉም መለሷት። አጥሩ ዛሬ ብረት ነው አሉ።

እኔ የምለምናችሁ ትንሽ ነው ልጆቼ። ወደዚያ አፋፍ ስትወጡ አገሩ ያምራል፤ ጠጋ ያሰኛል። ያን ጊዜ ሰው እንዳይወድቅ ብሎ የጻፈውን እንዳለውን አስቡት፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉልኝ።