ሲና ያልቀመሰችው

ነሐሴ አሥራ አምስት ነው፤ ፍልሰታ ሊፈታ አንዲት ሌሊት ቀርታዋለች። የቀየት መንደርን ጉም ውጧታል። ዲያቆን ምንተስኖት ከእናቱ ማድቤት ደፍ ላይ ተቀምጦ እጮኛውን ያያል፤ አይቶም አይጠግብ።

ሲና ደብረ ብርሃን ሆቴል ቤት ሠርታ የለመደችውን ምግብ ልታቀርብ ነው። እንቁላሉን ከወተት ጋር መታች፤ የተቀቀለ ጎመንና ካሮት ጨመረች፤ አይቡን ፈረፈረችበት። ድስቱን ከላይም ከታችም ፍም አድርጋ እንደ ድፎ ትጋግረዋለች። ነገ አማቶቿ በልተው እጇን ከወደዱት የሠርጉ ቀን ለጥቅምት ይቆረጣል።

«ጨዉስ?» አላት።

«እግዜር ያውቃል። በጾም አይቀመስ ነገር!»

ፍም ልትጭር ዞር ስትል ማንኪያውን ላሰ።

«ትንሽ ያንሰዋል።»

ሲና ፍሙን ይዛ ዞረች። «ቀመስክ?»

«ላንቺ ብዬ ነው።»

«ዲያቆን ሆነህ? በል ዝም በል፤ እኔም አልሰማሁ።» እጇ ግን ወደ ጨዉ ሄደ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ማዕድ ቀረበ። በዚያ ቤት የጾም መፍቻ ወጥ ጨው ወይ ይበዛዋል ወይ ያንሰዋል፤ ሴቶቹ ይሣሣቁበታል፣ ይኮሩበታልም። እናቱ ወይዘሮ ጠጄ የሠሩትን ዶሮ ጨው የሚባል አልነካውም።

«መጾሜን ወጤ ይመስክር!» አሉ እየሣቁ። ከዚያ የሲናን ጎረሱ። ደገሙ። ሣቃቸው ጠፋ።

«ልክ ነው። ልክክ ያለ ነው። ይኼ ጨው ሳይቀመስ አልገባም።»

አባቱ መሪጌታ አፈወርቅ እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። «ልጄ፣ ቀምሰሽ ነበር?»

ሲና ምንተስኖትን አየችው። ልመናም ቁጣም የሌለበት እይታ ነው፤ ትጠብቃለች፣ በቃ። ታኅሣሥ ላይ እንዲቀስስ ስሙ ሀገረ ስብከት ተልኳል። አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ማየት ያዘ።

«አዎ አባባ፤ ቀምሻለሁ» አለች።

«የቄስ ሚስት ልትሆኚ!» ወይዘሮ ጠጄ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

የሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ ቀረ፤ ምንተስኖት እስከ አውቶቡሱ ዝናብ እየደበደባቸው ሸኛት።

«እነግራቸዋለሁ» አላት።

«መቼ?»

ሾፌሩ ክላክሱን ሁለት ጊዜ እስኪነፋ ድረስ ጠበቀችው።

«እኔስ የትም ሠርቼ እበላለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንተ ግን ይኼን ዝምታ ይዘህ እንዴት ትቀድሳለህ?»

ጥቅምት ላይ ቤተሰቦቹ ከጊሼ ያመጡለትን ልጅ አገባ። ታኅሣሥ፣ ሊቀስስ ሳምንት ሲቀረው፣ መቅመሱን ለንስሐ አባቱ ለአባ ተክለጻድቅ ተናዘዘ። ሲንቀጠቀጥ አይተው ነፍስ ያጠፋ መስሏቸው ነበር።

«ይኼው ነው?» አሉት።

«ይኼው ነው» አለ፤ የሲናን ስም አላነሣም።

አርባ ስግደት ሰጡት። የማለዳው አመዳይ ሳይቀልጥ ጨረሰው።