እናትየው በሩን ስትዘጋ

የፊልም ሙዚቃ አቀናባሪው በቀረጻ ክፍሉ ውስጥ፣ በማይክሮፎን መቆሚያ ብረት ማጅራቱን ተመትቶ፣ ፒያኖው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ያገኘችው ሚስቱ ናት። በከተማው እሱን የሚወድ ሰው መፈለግ ባሕር ውስጥ ደረቅ ክብሪት እንደ መፈለግ ነበር፤ ሙዚቃውን የሚጠላ ግን ገና አልተወለደም።

ምርመራውን የያዘችው ሴት «ጆሮ» ትባላለች። ጉንዳን ሲያስነጥስ ከሦስተኛ ፎቅ ሰምታ «ይማርህ» የምትል ናት፤ እዚህ ላይ ያጋነንኩት ፎቁን ብቻ ነው። ክፍሉን ቆለፈች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ የቀረውን የፊልሙን የመጨረሻ ትዕይንት ብቻዋን ሰማች፤ ከዚያ ሦስቱን ተጠርጣሪዎች ተራ በተራ ጠራች።

ዳይሬክተሩ ገና ሳይቀመጥ ተንጨረጨረ። «ትናንት ከሰዓት ለሦስታችን አሰማን። እናትየው ልጇን ሸኝታ በሩን ስትዘጋ ያ ቫዮሊን ይነፋረቃል! ቀንሰው ስለው፣ ‹አንተ ካሜራህን ጠብቅ› ብሎ አዋረደኝ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ፊቱን ማየት አስጠልቶኝ ከቤቴ አልወጣሁም።»

ሚስቱ እንባ የላትም። «አሥራ ስምንት ዓመት ከግድግዳ ጋር ኖርኩ፣ እህቴ። ትናንት ያንን ቫዮሊን ስሰማ ግን አለቀስኩ። እንዲህ ማዘን የሚያውቅ ሰው ለእኔ እንዴት ጨከነ? ዛሬም ጥዬው ገበያ ወጣሁ።»

ቫዮሊን ተጫዋቹ ሃያ ዓመት ከኋላ ወንበር ሆኖ ሌሎችን ያጀበ ሰው ነው። ብቻውን የተጫወተው በዚህ ፊልም፣ ያውም ለአርባ ሰከንድ ነበር፤ ያልነገረው ዘመድ አልነበረም።

«ጠዋት ቤቴ ስለማመድ ነበር» አለ።

«ሙዚቃውን እንዴት አየኸው?»

«ጥበበኛ ይሉታል! እናትየው በሩን ስትዘጋ ሙዚቃውን ጸጥ አድርጎ የሰው ልብ ማንጠልጠል ጥበብ ነው? ስንፍና ነው!»

ጆሮ ማስታወሻ ደብተሯን ከደነች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። «ይህን ስሙ» ብላ ትዕይንቱን ከፈተች። እናትየው በሩን ገፋች። ሙዚቃው ቆመ። የመቀርቀሪያው ድምፅ፣ ከዚያ የሴትየዋ ትንፋሽ ብቻ። ግድግዳው ራሱ ሳግ የያዘው መሰለ።

«ቫዮሊኑስ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«የት ሄደ?» አለች ሚስትየው።

«ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ባልሽ አወጣው፤ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን መዝግቧል። አራት ሰዓት ላይ ሬሳውን አገኘሽው፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፉ በእኔ እጅ ነው። እናንተ ሁለታችሁ የነገራችሁኝ ትናንት ስለሰማችሁት ቫዮሊን ነው። አንተ ግን፣ ወንድሜ፣ የሰደብከው ዝምታውን ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት እዚህ ካልነበርክ ዝምታውን የት ሰማኸው?»

«አንተ አውሬ!» ብሎ ዳይሬክተሩ ብድግ አለ።

ቫዮሊን ተጫዋቹ ቀና ብሎም አላየው። «ጠርቶ አሰማኝ። ‹ጥሩ ተጫውተሃል፤ ግን አያስፈልግም› አለኝ። ሃያ ዓመት ጠብቄ፣ አያስፈልግም!» ወደ መርማሪዋ ዞረ። «አንዴ ብቻ የእኔን ያሰሙኝ።»

የትናንቱን ቅጂ ከፈተችለት። ቫዮሊኑ አርባ ሰከንድ አለቀሰ። ግሩም ነበር። መቀርቀሪያው ሲወድቅ ግን ማንም አልሰማም፤ እናትየውንም ያያት የለም።

ሰውየው ካቴና እየገባለት እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ይዝጉት» አለ። «ልክ ነበር፣ ያ እርጉም።»